የመስመር ስሎፕ በዓይን አይለካም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የውስጥ ገጽ ላይ የጣና ሐይቅ የውኃ ከፍታ ከወር ወደ ወር ያሳየውን ለውጥ የሚገልጽ ግራፍ ታትሞ ነበር። ግራፉ ከግራ ወደ ቀኝ በኃይል የሚያዘቀዝቅ ቀጥታ መስመር ሲሆን፣ ከሥሩ የሰፈረው ጽሑፍም የመስመሩን ቁልቁለት ብቻ ይዞ ሐይቁ በአስደንጋጭ ፍጥነት እየወረደ ነው ይላል። የጣና ነገር በዳርቻው የምንኖረውን ሁሉ የሚያሳስበን ስለሆነ ርእሱን ማንሣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ በግራፉ ቋሚ ዘንግ ላይ አንድም ቁጥር አልተጻፈም፤ በአግድሙ ዘንግ ላይም የወራት ስም እንጂ ዓመተ ምሕረት የለም። እንዲህ ካለ ሥዕል ላይ የመስመሩን ስሎፕ ማንም ሰው፣ የሒሳብ ሊቅ እንኳ ቢሆን፣ ሊያወጣ አይችልም። በባሕር ዳር ሒሳብ የማስተምር ሰው እንደመሆኔ ጉዳዩ ተማሪዎቼን በየዓመቱ ከሚያሰናክላቸው ነገር ጋር አንድ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ዓምዳችሁ በፈቀደው መጠን ላስረዳ እወዳለሁ።

ስሎፕ የሚባለው፣ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሁለት ነጥቦችን መርጠን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ስንሄድ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የታየውን ለውጥ ወደ ጎን ለታየው ለውጥ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር ነው። ወደ ቀኝ ስንሄድ መስመሩ የሚወጣ ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ፣ የሚወርድ ከሆነ ኔጋቲቭ ይሆናል። የትኞቹን ሁለት ነጥቦች እንደመረጥን ለውጥ አያመጣም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለው። ከመስመሩ ላይ አጭር ቁራጭ ወስደን በአግድምና በቋሚ ጎን ጎነ ሦስት ብንሠራበት፣ ከዚያው መስመር ላይ ረዘም ያለ ቁራጭ ወስደንም እንደዚያው ብናደርግ፣ ሁለቱ ጎነ ሦስቶች ዘዌዎቻቸው እኩል ስለሆኑ ምስስል ናቸው፣ ማለትም መጠናቸው ቢለያይም ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የምስስል ጎነ ሦስቶች ጎኖች ንጥጥር፣ አንዱ ጎን ለሌላው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ ደግሞ አንድ ነው። ቀጥታ መስመርን ከጠማማው የሚለየውም ይኸው ነው፤ ጠማማ መስመር ላይ ነጥቦቹን በቀየርን ቁጥር ንጥጥሩም ይቀየራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ወደ በኋላ ስለ ሐይቁ ስናገር ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ።

አሁን ወደ ጣና እንሂድ። የሐይቁ የውኃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ክረምቱ ካበቃ በኋላ በመስከረም ከፍተኛውን ደረጃ ይይዝና በጋውን በሙሉ እየቀነሰ መጥቶ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 1.6 ሜትር ገደማ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት መጨረሻ 8 ወር ስለሆነ፣ ሐይቁ በእኩል መጠን ቀነሰ ብለን ብናስብ የመስመሩ ስሎፕ ኔጋቲቭ 1.6 ለ8 ሲካፈል፣ ማለትም ኔጋቲቭ 0.2 ይሆናል። ነገር ግን 0.2 ብሎ መተው መልሱን በከፊል መመለስ ነው፤ 0.2 ምን? በወር 0.2 ሜትር ነው፤ በሌላ አነጋገር በወር 20 ሳንቲ ሜትር። ይኸው ቁልቁለት በቀን ሲቆጠር ከ7 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያንሳል። ሐይቁ ያው ሐይቅ፣ ውኃውም ያው ውኃ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ አንድ ጊዜ 0.2፣ አንድ ጊዜ 20፣ አንድ ጊዜ 7 የሚሆነው መለኪያው ስለተቀየረ ነው። መለኪያ ያልተጻፈበት ስሎፕ ብር ይሁን ሳንቲም ሳይባል እንደተጠራ ዋጋ ነው።

የጋዜጣችሁን ግራፍ በተመለከተ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ይመጣል። ይህንኑ መስመር በሁለት ወረቀቶች ላይ እንሣለው። በሁለቱም ላይ አንዱ ወር በአግድም 1 ሳንቲ ሜትር ይያዝ። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የውኃው 1 ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር ቢወከል፣ መስመሩ 8 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ሲሄድ 1.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል፤ በፕሮትራክተር ብንለካው ከአግድሙ 11 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ፣ ለዓይን የማይከብድ መስመር ነው። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ደግሞ የውኃው 10 ሳንቲ ሜትር በ1 ሳንቲ ሜትር ቢወከል፣ መስመሩ በዚያው 8 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 16 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ዘንበልታው ከ63 ዲግሪ ያልፋል፣ ያየውም ሰው ገደል ነው ይላል። ሁለቱም ሥዕሎች ትክክል ናቸው፤ የሁለቱም ስሎፕ በወር ኔጋቲቭ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የተለያየው የሠዓሊው ምርጫ እንጂ የጣና ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ ቋሚ ዘንጉ ላይ ቁጥር የሌለበት ግራፍ አቅርቦ «መስመሩ እንዴት እንደሚያሽቆለቁል ተመልከቱ» ማለት፣ አንባቢው የሐይቁን ሳይሆን የሠዓሊውን እጅ እንዲመለከት መጋበዝ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ለዚህ መድኃኒቱ ቋሚውን ዘንግ ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመር ነው ይላሉ። ለአንዳንድ ዓይነት ግራፍ፣ በተለይም በዓምድ ቁመት ለሚነጻጸረው፣ ምክሩ ተገቢ ነው፤ ለጣና ግን አያገለግልም። ከባሕር ጠለል ተነሥተን 1,786 ሜትሩን በሙሉ 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ገጽ ላይ ብናሰፍረው፣ የበጋው ቁልቁለት ሁሉ ከ0.2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሆናል፤ ይህም በእርሳስ ከተሰመረ መስመር ውፍረት ያነሰ ስለሆነ አንባቢው ሐይቁ ምንም አልቀነሰም ብሎ ገጹን ይገልጣል። ደግነቱ ስሎፕ የሚወጣው ከልዩነት ነው፤ 1,787 ሲቀነስ 1,785.4 እና 2 ሲቀነስ 0.4 የሚሰጡት ውጤት አንድ ዓይነት ነው። ዘንጉ ከየትም ይጀምር ስሎፑ አይለወጥም። የሚያስፈልገው ከየት እንደጀመረና በምን ያህል እንደሚጨምር በግልጽ መጻፉ ብቻ ነው።

ስለ ቁልቁለት በዓይን መፍረድ የለመድነው ከመንገድ ይመስለኛል። በመሬት ላይ ቁመቱም ርቀቱም የሚለካው በሜትር ስለሆነ፣ ሜትር ለሜትር ሲካፈል መለኪያው ይጣፋና ንጹሕ ቁጥር ይቀራል፤ መሐንዲሶች በመቶኛ የሚጽፉትም ስለዚህ ነው። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው የዓባይ በረሃን ያውቀዋል፤ ከአንዱ አፋፍ እስከ ድልድዩ መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጠማዝዞ ወደ 1,400 ሜትር ይወርዳል። አማካይ ስሎፑ እንግዲህ 7 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። ጠንቃቃ ተማሪ ወዲያው «መምህር፣ 20 ኪሎ ሜትሩ የመንገዱ ርዝመት እንጂ አግድም ርቀቱ አይደለም» ብሎ ሊያርመኝ ይችላል፤ ልክ ነው፣ በፓይታጎረስ ደንብ ስናወጣው ግን አግድሙ ከመንገዱ የሚያንሰው በ50 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ውጤቱ ያው 7 በመቶ ይሆናል። የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ቁልቁለት በዲግሪ ሲለካ 4 ብቻ መሆኑ ነው። የከባድ መኪና ፍሬን የሚያግለውና ተሳፋሪውን የሚያስጸልየው መንገድ በወረቀት ላይ ሲሣል የተኛ የሚመስል መስመር ነው። በነገራችን ላይ 100 በመቶ ማለት ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ 100 በመቶ ማለት በ1 ሜትር አግድም 1 ሜትር ሽቅብ፣ ማለትም 45 ዲግሪ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመው መስመር በመቶኛ የሚገለጽ ስሎፕ የለውም፤ አግድም ለውጡ ዜሮ ሲሆን በዜሮ ማካፈል አይቻልምና።

ይህን የሚያውቅ ግንበኛ በየሰፈራችን አለ። በአንድ እጁ ውኃ ልክ፣ በሌላው ቱንቢ ይይዛል፤ ውኃ ልኩ ስሎፑ ዜሮ የሆነውን፣ ቱንቢው ስሎፕ የሌለውን መስመር ይሰጠዋል። ተማሪዎቼ «ስሎፑ ዜሮ ነው» እና «ስሎፕ የለውም» የሚሉትን አባባሎች እያቀያየሩ ነጥብ የሚያጡት እነዚህን ሁለት መሣሪያዎች ሳያዩ ቀርተው አይደለም፤ በመጽሐፉ ያለው መስመር በእነርሱ አገር ካለው ነገር ጋር መገናኘቱን የነገራቸው ስለሌለ ነው። «ሁለተኛው ሲቀነስ አንደኛው» የሚለውን ቀመር በቃላቸው ይወጡታል፤ ከዚያ በክፍልፋዩ ላዕል (ከላይ) ሁለተኛውን ከአንደኛው፣ በታህቱ (ከታች) አንደኛውን ከሁለተኛው ይቀንሱና የሚወርደውን መስመር ወደ ላይ ይሰዱታል። የጣናን ቁልቁለት አስቦ የጀመረ ልጅ በጋ ላይ ፖዘቲቭ መልስ ሲያገኝ አንድ ነገር እንደተሳሳተ ራሱ ያውቃል።

ስሎፕ ከቁጥርነቱ አልፎ የሰው ኑሮ የሚሆነው ግን በሐይቁ ዳርቻ ነው። ውኃው 1.6 ሜትር ሲወርድ ምን ያህል መሬት ይገለጣል? መልሱ ያለው በዳርቻው ተዳፋት ውስጥ ነው። እንደ ዘጌ ኮረብታማ በሆነው ዳርቻ በአንድ ቦታ ተዳፋቱ 0.5 ነው እንበል፤ ውኃው ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው 1.6 ለ0.5 ሲካፈል 3.2 ሜትር ነው፤ ታንኳ የሚያስጠጋ ሰው እንኳ እምብዛም ልብ አይለውም። በፎገራና በደምቢያ ሜዳ በኩል፣ በየ500 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ የሚል ገጽ እንውሰድ፤ ስሎፑ 0.002 ስለሆነ ውኃው 800 ሜትር ይሸሻል። ገበሬው በየዓመቱ የሐይቁን መሄድ ተከትሎ የሚዘራበትን ባሕር ሸሽ የፈጠረው ይህ ትንሽ ቁጥር ነው። ስሎፑ ባነሰ ቁጥር የሚገለጠው መሬት ይሰፋል፤ እዚህ ላይ ማካፈሉ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ያው ሜዳ በተቃራኒው በጎርፍ የሚጥለቀለቀውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትንሽ የውኃ ጭማሪ ሰፊ መሬት ይሸፍናል። እንቦጭም በዋናነት የተንሰራፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነው የሐይቁ ክፍል ነው፤ ወንዞቹ ይዘውት የሚመጡት ደለልና ማዳበሪያም ድርሻ አላቸው፣ የዳርቻው ዝርግነት ግን ቦታውን አመቻችቶለታል። አንባቢያን ሁለቱን ስሎፖች እንዳያምታቱ አደራ እላለሁ፤ አንደኛው የውኃው ከፍታ በጊዜ ውስጥ የሚለወጥበት ነው፣ ሁለተኛው የመሬቱ ተዳፋት ነው። በዳርቻው ላይ የቆመ ሰው «ሐይቁ በአንድ በጋ ይህን ያህል ሸሸ» ሲል የሚያየው የሁለቱን የጋራ ሥራ እንጂ የመጀመሪያውን ብቻ አይደለም።

ቁልቁለቱ በወር 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው ስል ነገሩን ያቃለልኩ እንዳይመስል አንድ ስሌት ልጨምር። የሐይቁ ስፋት ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በቀን 7 ሚሊ ሜትር የማይሞላው ቁልቁለት በየቀኑ 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው በፀሐይ ተንኖ የሚሄድ ሲሆን፣ የቀረው የሐይቁ መውጫ መቆጣጠሪያ ባለበት በጨረጨራ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዋሻ ወደ በለስ፣ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ወዳለው ጣቢያ ይፈስሳል። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ በበጋ የሚያመጡት ይህን ለመተካት አይበቃም። የመስመሩ ስሎፕ የገቢውና የወጪው ልዩነት ለሐይቁ ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ስሎፑ በአንድ ዓመት ከወትሮው ከከፋ ከእነዚህ አንዱ ተለውጧል ማለት ነው፤ ጋዜጠኛም መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።

ቀደም ሲል በአደራ ያስቀመጥኩት የጠማማው መስመር ነገር አሁን ይመጣል። የሐይቁ ከፍታ በዓመት ውስጥ የሚሠራው መስመር ቀጥታ አይደለም፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ አወራረዱም በየወሩ እኩል አይደለም። በጠማማ መስመር ላይ ሁለት ነጥቦችን መርጠን በቀጥታ መስመር ስናያይዛቸው ስሎፑ በምርጫችን ላይ ይመሠረታል። መስከረምንና ግንቦትን የመረጠ ሰው በየዓመቱ፣ ጥሩ ዝናብ በጣለበት ዓመትም ጭምር፣ የሚያሽቆለቁል መስመር ያገኛል። ሰኔንና መስከረምን የመረጠ ደግሞ ሐይቁ እየሞላ ነው ብሎ ሊያስደስተን ይችላል። በጋዜጣችሁ የወጣው መስመር የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የበጋውን ወትሮአዊ ቁልቁለት የሐይቁ ዘላቂ ጉዞ አድርጎ አቅርቦታል። ጣና እየቀነሰ መሆን አለመሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው የአንዱን ዓመት መስከረም ከሌላው ዓመት መስከረም፣ የአንዱን ግንቦት ከሌላው ግንቦት ጋር በብዙ ዓመታት ማያያዝ አለበት፤ ያን ጊዜ የወቅቱ መውጣትና መውረድ ይወድቅና የቀረው ስሎፕ ቁም ነገር ይናገራል።

ሐይቁ በእርግጥም የተጎዳበት ጊዜ ስለነበረ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የቃላት ጭቅጭቅ አይደለም። የጨረጨራው መቆጣጠሪያ በ1988 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም. የበጋ ማብቂያ የዝናብ እጥረትና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደምረው ሐይቁን በተመዘገበ ታሪኩ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አወረዱት፤ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተስተጓጎለ፣ ደንገሉም ብዙ ቦታ ጠፋ። የዚያን ዓመት መስመር ከሌሎቹ ዓመታት መስመር ጋር በአንድ ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት ልኬት አስቀምጦ ያሳየ ሰው ምንም ማጋነን ሳያስፈልገው አንባቢውን ያሳምናል። በየዓመቱ የበጋውን ቁልቁለት ገደል አስመስሎ የሚሥል ግን፣ እውነተኛው ገደል በመጣ ጊዜ የሚሥለው የተለየ መስመር አይኖረውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ግራፍ ስታትሙ በሁለቱም ዘንጎች ላይ ቁጥርና መለኪያ ይጻፍ፤ ቋሚው ዘንግ ከየት እንደሚጀምር ይታይ፤ ዓመተ ምሕረቱ ይጠቀስ። በጽሑፉም ውስጥ «በከፍተኛ ፍጥነት» ከሚለው ይልቅ «በወር ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር» ቢባል አንባቢው ራሱ ካለፈው ዓመት ጋር ማመዛዘን ይችላል። ይህ ለጣና ብቻ ሳይሆን ስለ ጤፍ ዋጋም ሆነ ስለ ውጭ ምንዛሪ ለምታወጧቸው ግራፎች ሁሉ ይሠራል። ግራፉን ያዘጋጀው ባልደረባችሁ የተጠቀመበት መረጃ በእጃችሁ ካለ ደግሞ፣ ያንኑ መስመር ቁጥሮቹን ጨምራችሁ፣ የቀደሙትን ጥቂት ዓመታት የመስከረም ልኬቶችም አክላችሁ ደግማችሁ እንድታትሙት እለምናለሁ። ከታተመ ተማሪዎቼ ስሎፑን ራሳቸው እንዲያወጡት ክፍል ውስጥ እንሠራበታለን፤ ያገኙትንም ውጤት ለዓምዳችሁ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሒሳብ መምህር፣ ከባሕር ዳር